ከጦሳ ሥር እስከ እንጦጦ፦ የባለቤቴ 60ኛ ዓመት ጉዞ

ባለቤቴ ጥር 15 ቀን 1953 ዓ.ም. መወለዷን በእርግጠኝነት የምናውቀው አባቷ ቀኑን በአንድ ኪታብ ልባስ ላይ ጽፈው ስላቆዩላት ነው። ቀኑ ይታወቅ እንጂ በቤታችን ተከብሮ አያውቅም። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴ ተወልዶ ላደገ የወሎ ሙስሊም ልደት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው መውሊድ ነው፤ ድቤው፣ መንዙማው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈላው ቡና ነው እንጂ ሻማ የተተከለበት ኬክ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ግን ወሩ ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ በነርስነት ካገለገለችበት ሆስፒታል በጡረታ የምትሰናበትበት ወር ሆነና አዲስ አበባ የሚኖሩት ልጆቻችን ተመካክረው ደወሉልን። ታላቁ ቤተ መንግሥት መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ መዝናኛ ሆኗል፤ እማዬ ስልሳ ዓመቷን እዚያ ታክብር አሉ።

እኔ በበኩሌ ሐይቅ ወርደን፣ ዓሣ በልተን፣ በጀልባ ተንሸራሽረን እንድንመለስ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ወጪውም ቀላል ነው። ባለቤቴ ግን «ሐይቅን በፈለግሁ ጊዜ አየዋለሁ፤ ቤተ መንግሥት ግን ገብቼ አላውቅም» አለችና ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሐሙስ፣ ጥር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. — ከደሴ ወደ አዲስ አበባ

ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ አልፈው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው የሚመለስበት ቀን ስለ ነበረ መናኸሪያው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተጨናንቆ ነበር። ለአንድ ሰው 395 ብር ከፍለን የያዝነው ወንበር ከሾፌሩ በስተጀርባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ረዳቱ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያላደረገ እንደማይሳፈር በጩኸት ካስታወቀ በኋላ የራሱን አገጩ ላይ አውርዶ ትኬት መቁረጡን ቀጠለ። የኮሮናውን ዓመት በሕሙማን መካከል ያሳለፈችው ባለቤቴ ይህን ዓይታ ዝም ልትል አልቻለችም፤ «ልጄ፣ አገጭህ አያስልም፤ ወደ ላይ ከፍ አድርገው» ስትለው አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ልጁም አፍሮ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ በሥርዓቱ ሸፍኖ ተጓዘ።

ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በጉም ውስጥ ወረድን። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወስድ፣ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ማውለቅ ይጀምራል። ከአዋሽ ተነሥቶ እስከ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በከተማዋ ጥግ ሲያልፍ አየን፤ ባቡር ግን አላየንበትም። ሐዲዱ ሥራ ቢጀምር ኖሮ ይህ ማስታወሻ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከሚሴ ላይ ለቁርስ ወረድን። ፉል ከነዳቦው 35 ብር፣ ቡና 5 ብር ነበር፤ ቡናው ደሴ እንደምንጠጣው የወፈረ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የጨፋ ሜዳ በጥር ወር ሲያዩት ያምራል፤ የቦርከና ወንዝ ውሃውን ይዞ ይጠማዘዛል፣ በሜዳው ላይ ከብትና ግመል ተቀላቅሎ ይግጣል፣ የታጨደው ማሽላ በየማሳው ተከምሯል። ካራቆሬን አልፈን አጣዬ ስንደርስ መንገዱ በሰውና በጋሪ ተዘግቶ ጥቂት ቆምን። ያች ከተማ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በመጋቢት፣ ከዚያም በሚያዝያ እንደተቃጠለች በሰማሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ሎሚ ይዛ «አባባ፣ ይግዙኝ» ያለችኝ ልጅ ነበረች።

ሸዋ ሮቢት ምሳ ነበር። በራፉ ላይ «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መርጠን ገባንና አንድ ጥብስ በ120 ብር አዝዘን ለሁለት በላን። ሙቀቱ ደሴ ለለመደ ሰው ከባድ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሽንኩርት ጆንያ እንደ ግንብ ተደርድሯል፤ ተሳፋሪውም እየወረደ ስለገዛ አውቶቡሱ ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተ።

ችግሩ የመጣው ከደብረ ሲና በላይ ነው። ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን ጠመዝማዛ አጋምሰን እንደሄድን የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ በጥንቃቄ ጥግ አስያዘው፤ ነገር ግን መለዋወጫው ጎማ ሲወርድ ጥርሱ ሁሉ ያለቀ፣ ነፋሱም የጎደለ ሆኖ ተገኘ። ረዳቱ ወደ ደብረ ሲና በሚወርድ አይሱዙ ተሳፍሮ ጎማ ሊያስነፋ ሄደ፤ እኛ ደግሞ ቅዝቃዜው አጥንት በሚሰብርበት ዳገት ላይ ቀረን። ጉሙ ከሥር እየወጣ ገደሉን ሲሸፍነው፣ ጭላዳዎቹ ከመንገዱ በታች ሣር እየነጩ ሲበሉ፣ ቆሎ ሻጮቹ ልጆች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከበቡን። የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር በስኒ 10 ብር ነበር። ከእኛ በስተኋላ ተቀምጠው የነበሩ የወረኢሉ ነጋዴ ሴት ባለቤቴን ነጠላ ብቻ ለብሳ ሲያዩዋት «እታለም፣ ነይ ከዚህ ግቢ» ብለው ጋቢያቸውን ለሁለት አለበሷትና ሁለቱ ሴቶች ረዳቱ እስኪመለስ ድረስ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ልጆች ሲጨዋወቱ ቆዩ። ነጋዴዋ የጉዟችንን ምክንያት ሲሰሙ «ስልሳ ዓመት ኖሮ ጎማ እያስቀየሩ ማክበር ነው እንጂ!» ብለው ሳቁ። ደብረ ሲና ለሄደው ጎማ ሁለት ሰዓት ጠበቅን።

ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ዋሻ አልፈን ሸዋ አምባ ላይ ስንወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወዲህ ባለው ሜዳ ሳልፍ ሁልጊዜ የማስበው ሰገሌን ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የልጃቸውን የልጅ ኢያሱን ዙፋን ለማስመለስ የዘመቱት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ድል የሆኑትና የተማረኩት በዚሁ አገር ነው። የባለቤቴም ቅድመ አያት ከዚያ ዘመቻ አልተመለሱም። የታሪክ አስተማሪ የነበርኩ ሰው በመሆኔ ይህን ማንሣት ልማዴ ነው፤ ባለቤቴም ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ መተኛት ልማዷ ነው።

አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ የደረስነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጃችን አያት አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ አሳንሰር የለውም፤ ያን ዕለት ማታ ደግሞ ውሃም አልነበረውም። ደሴ ላይ በግቢያችን ቧንቧ ከፍተን የምንታጠብ ሰዎች በአንድ ጀሪካን ውሃ ተጣጥበን፣ ዉዱእ አድርገን፣ ሰላታችንን ሰግደን ተኛን።

ዓርብ፣ ጥር 14 — መርካቶ

ይህን ቀን ለዕረፍት አስበነው ነበር፤ ነገር ግን ጁምዓን በአንዋር መስጊድ መስገድ ፈለግሁ። ሰጋጁ ከመስጊዱ ተርፎ መንገዱ ላይ ምንጣፉን አንጥፏል። በኮሮናው ምክንያት መራራቅ ታዝዞ ስለ ነበረ ሰልፉ እስከ ሱቆቹ በር ድረስ ይደርሳል። ደሴ ላይ ከሰላት በኋላ ሰው ሁሉ ተጨባብጦና ተጠያይቆ ነው የሚለያየው፤ እዚህ ግን ምንጣፉ እንደ ታጠፈ እያንዳንዱ ወደ ንግዱ ይሮጣል።

ባለቤቴ በጉዞው ምክንያት የገዛችው አዲስ ጫማ ተረከዟን ልጦት ስለ ነበረ መርካቶ ውስጥ ሌላ ጫማ መፈለግ ግድ ሆነ። ነጋዴው 600 ብር ጠራ። ባለቤቴ በደሴው ሰኞ ገበያ ሥርዓት 200 ብር ሰጠችው። እሱም በንግግሯ ለይቶ «የወሎ እናት ነዎት ለካ! እኔም የኩታበር ልጅ ነኝ» ሲል የተስማሙ መሰለኝ፤ የኩታበሩ ልጅ ግን ከ350 ብር አልወርድም ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ በ320 ብር ተስማምተው ገዛች፤ አገር ልጅነት ያወረደላት 30 ብር ብቻ ነው እያልኩ እስከ ቤት ድረስ አሾፍኩባት። ጫማው ግን ለስላሳና ጠፍጣፋ ነበረ፤ በማግሥቱ ያን ሁሉ ግቢ ያስኬዳት እርሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 15 — አንድነት ፓርክ

ጠዋት ልጃችን ገንፎ አገንፍታ፣ መሐሉን በቅቤና በበርበሬ ሞልታ አቀረበች። ወሎ ውስጥ ገንፎ የአራስ ምግብ ስለሆነ ባለቤቴ «ዛሬ የተወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ የወለድኩት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በስልክ በተጠራ ታክሲ 240 ብር ከፍለን ወደ አራት ኪሎ ሄድን። ልጆቹ አብረውን ሊመጡ ቢፈልጉም ባለቤቴ ሁለታችን ብቻ እንድንሄድ ወስናለች፤ «እናንተ ካላችሁ ፎቶ ስታነሡን ነው የሚመሸው» አለቻቸው።

መደበኛው መግቢያ ያን ጊዜ ለአንድ ሰው 200 ብር ነበር። ለሁለታችን 400 ብር የከፈልኩት ሳላቅማማ ነው ብል ሐሰት ይሆናል፤ ደሴ ውስጥ 400 ብር ያኔ የሳምንት አስቤዛ ነበር። ፍተሻው ጥብቅ ቢሆንም ትሕትና ነበረው። አንድ ወጣት አስጎብኚ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር አንድ ላይ አድርጎ ይዞን ተነሣ።

ግቢው የሚጠበቀውን ያህል ሰፊ፣ ከተጠበቀውም በላይ ንጹሕ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግብር ያበሉበት የነበረው ትልቁ አዳራሽ ጣሪያው በሦስት ተከፍሎ ከሩቅ ይታያል። ውስጡ ስንገባ ባለቤቴ ቀና ብላ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ «ከአይጠየፍ ይበልጣል» አለች። እውነት ነው፤ በስፋት ይበልጣል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ግን ቁመናው የከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነ ለዓይን የሚሰጠው ግርማ ከዚህ አያንስም፤ ያን ጊዜ የጎደለው እንክብካቤ ነበር። የምኒልክ አዳራሽ እንዲህ ተወልውሎ፣ መብራት ተተክሎለት፣ ወጣት አስጎብኚ ተመድቦለት ሳየው የእኛ አዳራሽ ላይ ያለው አቧራ ፊቴ ላይ መጣ። አንድ አገር አንዱን ቤተ መንግሥት በዚህ ልክ ማደስ ከቻለ ሌላውንም እንደሚችል ስለማምን ቅሬታዬ ለዚያ ነው።

ከዚያ ወደ እንቁላል ቤት ሄድን። ምኒልክ ከላይ ሆነው በመነጽር ከተማውን ይቃኙበት የነበረው ሰገነት እዚያው ነው። የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ቤትም ግቢው ውስጥ ይገኛል። የሰገሌን ጦር ከመሩት አንዱ እኒህ ፊታውራሪ ስለሆኑ፣ ቅድመ አያቷን በዚያ ጦርነት ያጣች ሴት ከቤታቸው ፊት ለፊት ቆማ ፎቶ መነሣቷ አስገረመኝ። ይህንኑ ስነግራት «እሳቸውም ሞተዋል፣ እኛም እንሞታለን፤ ይልቅ ፎቶውን አስተካክለህ አንሣ» አለችኝ።

በዚህ ግቢ ውስጥ ወሎ እንግዳ አይደለም። ልጅ ኢያሱ ደሴ ተወልደው ያደጉት ለዚህ ዙፋን ነው። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ የምኒልክ ልጅ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና እስከተነሡ ድረስ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነንም የአምባሰል ሰው፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። አስጎብኚያችን ስለ እቴጌ ጣይቱ በሰፊው ተናግሮ ስለ እቴጌ መነን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲያልፍ እጄን አውጥቼ የጎደለውን ሞላሁ። ጎብኚዎቹ በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ልጁም አመሰገነኝ፤ ባለቤቴ ግን ክንዴን በቀስታ ቆነጠጠችኝ።

ዙፋን ቤቱ ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰም ተቀርጸው ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ አጠገባቸው ለመነሣት ይጋፋል። ባለቤቴ ግን ራቅ ብላ ቆመች። ንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ልደታቸውን ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ባከበሩበት ክረምት ወሎ ውስጥ ዝናቡ መቅረት ጀምሮ ነበር። በ1965 ረሃቡ ሲጸና እሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከየገጠሩ የተሰደደው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ዳር ሲረግፍ፣ እናቷ በምጣድ የጋገሩትን ቂጣ ቆራርሰው እንድታድል ይልኳት እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ነርስ ለመሆን የወሰነችው ያኔ እንደሆነም ታምናለች። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው አንድ ቀን አስቀድሞ፣ የቤተ መንግሥቱ ድግስና የወሎ ረሃብተኛ ምስል በቴሌቪዥን ተቀላቅሎ ታይቷል፤ እኛ ግን ያን ለማየት ቴሌቪዥን አላስፈለገንም።

ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሰሙ ምስል ተጠጋችና «ጃንሆይ፣ እርስዎ በሰማንያዎ ኬክ ሲቆርሱ እኔ ቂጣ ሳድል ነበር፤ ይኸው በስልሳዬ ቤትዎን ልጎበኝ መጣሁ» አለች። የተናገረችው በቁጣም በምሬትም አልነበረም፤ ለአንድ የሰፈር ሽማግሌ እንደሚነገር አድርጋ ነው። አጠገባችን የነበረ አንድ ጎልማሳ ሰምቷት ባርኔጣውን አወለቀ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም፤ ለንጉሡ ይሁን ለእሷ።

የዘውዱ ባለሥልጣናት የታሰሩበትንም ምድር ቤት አየን። እዚያ ታስረው ከነበሩት ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገድለዋል። ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥትም በዚሁ ግቢ እንደታሰሩ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. አረፉ። መዝናኛ ብለው በጠሩት ቦታ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል መተው ድፍረት ይጠይቃል፤ ይህንን አደንቃለሁ። ልጆች ይዘው የመጡ ቤተሰቦች በፍጥነት ሲያልፉት አይቻለሁ፤ እኔም ልጅ ይዤ ቢሆን ኖሮ እንደዚያው ባደረግሁ ነበር።

አንበሶቹ ጋ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ጥቁር ጎፈር ያለው ወንዱ አንበሳ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ተኝቷል፤ ጅራቱን እንኳ አላነቃነቀም። ባለቤቴ «ጡረታ የወጣው ይሄ ነው» ብላ ቀኑን ሙሉ ከሳቀችው በላይ ሳቀች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለት ማኪያቶና አንድ ቁራጭ ኬክ 190 ብር አስከፈለን። ደሴ ፒያሳ ላይ ያኔ በዚህ ገንዘብ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ይጠጣ ነበር፤ ወንበሩ ግን ምቹ ነበር፤ አገልጋይዋም ልደት መሆኑን ሰምታ ኬኩ ላይ አንድ አበባ አስቀምጣ አመጣችልን።

ማታ ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው «60» የሚል ሻማ ለኮሱ። ባለቤቴ የኮሮናውን ነገር አንሥታ ኬክ ላይ መትፋት አልፈልግም ብላ እምቢ ስላለች ሻማውን በማራገቢያ አጠፉት። ከዚያም እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግን፤ ቡናው እስከ በረካ ድረስ ተጠጣ።

እሑድ፣ ጥር 16 — እንጦጦ

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ስለሆነ የአዲስ አበባ ሰው ካፖርት ደርቦ ይወጣል። እኛ ግን ጦሳን ከጓሯችን እያየን የምንኖር ስለሆንን ብርዱ የቤታችን ነው። መንገዱ አዲስ አስፋልት ነው፤ በባሕር ዛፉ መካከል ሲጠማዘዝ ሐረጎን ያስታውሳል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያምም እዚያው ተራራ ላይ ነች፤ ከበራፏ ላይ ዝርዝር ትንታኔ ልጀምር ስል ባለቤቴ «ዛሬ ታሪክ የለም፤ ዛሬ ጨዋታ ነው» ብላ ከለከለችኝ።

ለየጨዋታው ለብቻው ይከፈላል። በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መንሸራተት አለ፤ በትንንሽ መኪና መሽቀዳደም አለ፤ በገመድ ድልድይ ላይ መሄድ አለ። ሽቦው ላይ የሚንሸራተቱት ወጣቶች የሚያሰሙት ጩኸት ጫካውን ሞልቶታል። ባለቤቴ ቆማ ካየቻቸው በኋላ ዕድሜ ይከለክል እንደሆነ ሠራተኛውን ጠየቀችው፤ እሱም «እማማ፣ ጤና ካለዎት አይከለክልም» ሲላት ልቤ ደነገጠ። ደግነቱ ወረፋው ረጅም ነበር፤ እሷም ጉልበቷን አስባ ተወችው።

ፈረሱን ግን አልተወችም። ለአጭር ዙር 300 ብር ነበር። እኔ ወሎ ውስጥ ፈረስ ሞልቶ ሳለ ለፈረስ 300 ብር የሚከፍል ሰው ጤነኛ እንዳልሆነ ተናገርኩ። እሷም ልጅ ሳለች የአያቷን ፈረስ ለመጋለብ ስትለምን «ሴት ልጅ» እየተባለች እንደ ከለከሏት፣ ካገባች በኋላም ሥራና ልጅ፣ ከዚያም የሌሊት ተረኛነት እንደያዛት አስታውሳ፣ ገንዘቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ ከፈለች። ሁለት ልጆች ደግፈው አወጧት። ፈረሱ ደልዳላና ለስላሳ ስለ ነበረ በእርጋታ ተራመደ፤ መሪው ወጣት ልጓሙን ይዞ ጎኗ ይሄዳል። ሻሿን ወደ ኋላ ጥላ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ በባሕር ዛፉ መካከል ስትዞር ሳያት፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር እየሮጠች ያለፈችኝ ያች ወጣት ነርስ ትዝ አለችኝ። ዙሩ ሲያልቅ አልወርድም አለች። ሁለተኛ 300 ብር የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ምሳ ተራራው ላይ ሳይሆን ወደ ከተማ ወርደን በላን፤ የላይኛው የምግብ ዋጋ ለውጭ አገር ሰው የተሠራ ይመስል ነበር። አመሻሹ ላይ ልጆቹ ወዳጅነት ፓርክ ወስደውን በሙዚቃ የሚጨፍረውን ፏፏቴ አሳዩን፤ ውሃው ቀለም እየለወጠ ሲወጣና ሲወርድ ባለቤቴ አያት ላይ በጀሪካን የታጠብነውን አስታውሳ ጥቂት ተናገረች። ያልኩት ነገር የለም፤ እሷ ያለችው ይበቃል።

ሰኞ፣ ጥር 17 — በአየር ወደ ኮምቦልቻ

የመልስ ጉዞው የልጆቹ ስጦታ ነበር፤ የአውሮፕላን ትኬት። ባለቤቴ በአውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ እጄን ጨምድዳ ይዛ ከቁርኣን አያተል ኩርሲይን ቀራች፤ ደመናውን ካለፍን በኋላ ግን ግንባሯን ከመስኮቱ ላይ አላነሣችም። ጎማ ፈንድቶ ያስቆመን ገደል የትኛው እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ሁሉም ገደል ስለሆነ መለየት አልቻልኩም። ሐሙስ ዕለት ከጨለማ እስከ ጨለማ የፈጀብንን መንገድ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረስነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሚኒባስ ለሰው 25 ብር ነበር። ሐረጎን ስንወጣ ሾፌሩ ወንበሩን ሁሉ ሞልቶ ሌላ ሁለት ሰው ስለጨመረ ባለቤቴ ጭን ላይ የማናውቀው ሰው ዶሮ ተቀመጠች።

ከዐስር ሰላት በኋላ ጎረቤቶች ለቡና ተሰበሰቡ። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ስለ ፈረሱ ነበር። ወጪውን የያዝኩበትን ማስታወሻ አውጥቼ ልደምር ስጀምር ባለቤቴ «የፈረሱን አትደምር፤ እሱ በጡረታዬ ነው» ብላ አቋረጠችኝ። ሁለተኛውን ዙር የከፈልኩት እኔ መሆኔን ባስታውሳትም ቡናውን መቅዳት ቀጠለች። በዚያ ዓመት ሰባ የሚሞላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ግን ነገሩን በጥሞና ሲከታተሉ ቆይተው «ለሽማግሌስ ፈረስ ይሰጣሉ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ክፍያው ለሁሉም አንድ መሆኑን ነገርኳቸው።